የፈንታሌው መንቀጥቀጥ ወደ አዳማ እየመጣ ነው? ወይስ ጉልበቱ ተንፍሷል?

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ብዙ ሌሊት ቀስቅሶናል። አሁን ግቢያችን ውስጥ ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው ‹ትንንሾቹ ጉልበቱን አስተንፍሰውታል፣ ከእንግዲህ ትልቅ አይመጣም› ይላል። ሁለተኛው ‹ስንጥቁ እየሄደ ነው፣ ከመተሐራ ቀጥሎ ወለንጪቲ፣ ከዚያ አዳማ› ይላል። እናቴ ሁለተኛውን አምናለች። አዲስ አበባ ካልሄድን ብላ አስጨንቃናለች። እውነቱ የትኛው ነው? ከተማችን ስብራት ላይ ናት ወይ?»

ምላሽ፦

በቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። የፈንታሌው ስንጥቅ ወደ አዳማ እየተጓዘ አይደለም። ትንንሾቹ መንቀጥቀጦችም ከአዳማ ላይ ያነሱላት ሸክም የለም። ሁለቱ ወሬዎች የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። ስምጥ ሸለቆውን ከአፋር እስከ ሐዋሳ እንደ አንድ ረጅም ስንጥቅ ያዩታል። አንድ ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ ሲተነፍስ ሌላውም ይቀለው ነበር። አንድ ቦታ ሲቀደድም ቅዳዱ ይቀጥል ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ስምጥ ሸለቆው የተቆራረጡ ክፍሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ እሳተ ገሞራና የራሱ ስብራቶች አሉት። አዳማና ፈንታሌ ያሉት በተለያየ ክፍል ነው።

መነሻው ይሄ ነው። የአፍሪካ ምድር እየተከፈለ ነው። በምዕራብ ያለው ትልቁ ገበታ (ማለትም የምድር ቅርፊት ቁራጭ) የኑቢያ፣ በምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ይባላል። በመሃል ኢትዮጵያ ሁለቱ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ግን አንድ ሰው 70 ዓመት ሲሞላው፣ ጎጃምና ባሌ እሱ ከተወለደበት ቀን ወዲህ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተራርቀዋል። አለት ደግሞ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥ አይኖርም። ለዘመናት ውጥረቱን ይሸከማል። ከዚያ አቅሙ ሲያልቅ ይሰበራል፣ ወይም ድሮ በተሰበረበት ቦታ ላይ ድንገት ይንሸራተታል። መንቀጥቀጥ የምንለው የዚያን መንሸራተት ሞገድ ነው። ስብራት የምለውም ሁለት የአለት ወገኖች ተለያይተው የሚንሸራተቱበትን ያንን ገጽ ነው።

አዳማ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ስብራት አለ። ልዩነታቸው ለጥያቄዎ ወሳኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

የመጀመሪያዎቹ የጠርዝ ስብራቶች ናቸው። ከአዳማ ተነስተው በዴራ በኩል ወደ አሰላ ሲሄዱ መኪናው ማርሽ እየቀነሰ የሚወጣው ዳገት የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው። የአርሲ ደጋ እዚያ ላይ የቀረው፣ የአዳማ ሜዳ እዚህ ታች የወረደው በእነዚህ ስብራቶች ነው። ምዕራባዊው ጠርዝ በእኛ አቅጣጫ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል፣ እንደዚያ ጎልቶ አይታይም። ወደ ሰሜን፣ አንኮበር ላይ ግን ትልቅ ገደል ነው። በዚህ በሰሜኑ ክፍል ሸለቆው መከፈት የጀመረው ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ መሬቱን የሚያወርዱት እነዚህ ረጃጅምና ጥልቅ ስብራቶች ነበሩ።

ሁለተኛዎቹ የሸለቆው ወለል ላይ ያሉት ናቸው። ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ መለጠጡ ከጠርዙ ወደ መሃል ተዛወረ። እዚያ አጫጭርና የተቀራረቡ ብዙ ስብራቶች ተፈጠሩ። በአጠገባቸውም እሳተ ገሞራዎች በቀሉ። ይህ መስመር በጂኦሎጂ የወንጂ የስብራት ቀበቶ ይባላል። ስሙን የሰጠው በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጂኦሎጂስት ፖል ሞር ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ ነበር። አዎ፣ ይቺው የእኛዋ ወንጂ ናት። በዓለም ላይ ስለ አህጉር መሰንጠቅ የሚያጠና ሰው ሁሉ ስሟን ያውቀዋል። የአዳማና የወንጂ ልጆችም ይህን በትምህርት ቤት ቢማሩት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከአዳማ ወደ ወንጂ ወይም ወደ ሶደሬ ሲወርዱ ዙሪያዎን ይመልከቱ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነበሉ፣ በገመድ የተለኩ የሚመስሉ ረጃጅም ኮረብታዎች ያያሉ። በአንድ ጎናቸው ቀጥ ያለ ገደል ነው፣ በሌላው ጎን ለስላሳ ተዳፋት። ያ ገደል የስብራት ፊት ነው። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ በተደጋጋሚ መንሸራተት የተሠራ ነው። የሶደሬ ፍልውሃ፣ የገርገዲ ፍልውሃ፣ ቦኩ ላይ ሰው የሚታጠንበት እንፋሎት፣ ሁሉም ወደ ላይ የሚወጡት በእነዚህ ስብራቶች ነው። ስለዚህ «ከተማችን ስብራት ላይ ናት ወይ?» ላሉት መልሱ አዎ ነው። መደባበቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ክፍሎቹ። የወንጂ ቀበቶ አንድ ወጥ መስመር አይደለም። ከሰሜን ምሥራቅ ሲመጡ መጀመሪያ የፈንታሌና የዶፋን እሳተ ገሞራዎች ያሉበት ክፍል አለ። ቀጥሎ ከወለንጪቲ ጀርባ የሚታየው ቦሰትና ቆኔ ያሉበት ክፍል ይመጣል። ከአዳማና ከወንጂ በስተደቡብ ደግሞ ገደምሳ፣ ከዚያ እስከ አሉቶ የሚወርደው ክፍል ይቀጥላል። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በእሱ ጫፍ ላይ አይጀምርም። ወደ ጎን ተስቦ ይጀምራል። በመካከላቸው ስብራቱም መንቀጥቀጡም ይሳሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢግል የተባለ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት በስምጥ ሸለቆው ላይ መመዝገቢያ መሣሪያዎችን ዘርግቶ ነበር። ያገኘውም ይሄንን ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ መንቀጥቀጦች በእነዚህ ክፍሎች ሥር፣ ከ8 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ተሰባስበው ተገኙ።

ይህን ይዘን 2017ን እንመልከት። መስከረም መጨረሻ አካባቢ ፈንታሌ ተራራ ዙሪያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኅዳር ላይ ጋብ አለ። ታኅሣሥ ላይ እንደገና ተነሳና ተባባሰ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተሰማው መጠኑ 5.7 ነበር። እርስዎም የሚያስታውሱት ይመስለኛል፣ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከአልጋው ወርዷል። የካቲት 7 የመጣው ደግሞ ወደ 6 የተጠጋ ነበር። ዶፋን አጠገብ መሬት ተቀዶ እንፋሎትና ጭቃ በኃይል ወጣ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ተፈናቀሉ። ስለ አዳማ ስንጨነቅ ዋናውን ዋጋ የከፈሉት የአዋሽ ፈንታሌ፣ የዱለቻና የአካባቢው ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ።

ለጥያቄዎ ቁልፉ የመንቀጥቀጡ አቅጣጫ ነው። ከፈንታሌ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፋን ነው የሄደው። አዳማ ከፈንታሌ በደቡብ ምዕራብ ናት። ማለትም ከእኛ ራቀ እንጂ አልቀረበም። ሁለተኛውን ወሬ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ይሄ ነው።

ለምን እንደዚያ ሄደ? ምክንያቱም ያንን ሁሉ መንቀጥቀጥ የሚገፋው ከሥር የገባ ቅልጥ አለት፣ ማግማ፣ ነበር። ማግማው ወደ ላይ ፈንድቶ አልወጣም። በጥልቀት ውስጥ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ወደ ጎን ገባ። ርዝመቱ በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ነው። እንጨት ሲፈለጥ ሽብልቅ እንደሚሠራው ነው የሚሠራው። ጫፉ በገባ ቁጥር ፊቱ ያለውን አለት ይሰነጥቃል፣ ጎኑን ይገፋል፣ በላዩ ያለውን መሬት ያሰምጣል። እያንዳንዱ ስንጥቅና መንሸራተት አንድ መንቀጥቀጥ ነው። ለዚህ ነው መቶዎቹ በተከታታይ የመጡት። መንቀጥቀጡም ከማግማው ጫፍ ጋር አብሮ የተጓዘው ለዚሁ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ያወቁት በግምት አይደለም። ሳተላይቶች በራዳር መሬቱን ደጋግመው ለክተው የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንዳለ አሳይተዋል።

ፈንታሌ አካባቢ ይህ የመጀመሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያው አነስ ያለ ማግማ ገብቶ ተመሳሳይ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ነበሩ። ከ200 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ደግሞ ከተራራው ግርጌ ቅልጥ አለት በገሃድ ፈስሷል። መተሐራ ሲደርሱ ከመንገዱ ዳር የሚያዩት ጥቁርና ሻካራ ድንጋይ የእንዲህ ያሉ ፍሰቶች ቅሪት ነው።

«ታዲያ ማግማው አንድ ቀን ዞሮ ወደ እኛ ቢመጣስ?» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያስተምረን አፋር ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ማግማ ገባ። መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ። እስከ 2002 ድረስ ማግማ ሌላ 13 ጊዜ ተከታትሎ ገባ። በድምሩ 14 ማለት ነው። ሁሉም ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ቀሩ። ወደ ጎረቤት ክፍል የዘለለ የለም። በምድር ላይ በዚህ ዓይነት ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ እንኳ የክፍሉን ወሰን አላለፈም። ፈንታሌ ላይ የሆነው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ማግማ የሚሄደው ምድሩ ለዘመናት ተለጥጦ በጠበቀበት፣ መጋቢው ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። የቦሰት ማግማ የቦሰት ነው። አንድ ቀን ቢነሳ ከራሱ ሥር ይነሳል እንጂ ከፈንታሌ በኪራይ አይመጣም።

እዚህ ጋ ስለ ቱርክ ማንሳት ግድ ይለኛል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የሆነውን በቲቪ ያየ ሁሉ ያ ምስል በልቡ አለ። መጠኑ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቆይቶ 7.5 የሆነ ሌላ፣ በአቅራቢያው ባለ ስብራት ላይ ተከተለ። ቱርክ ውስጥ ደግሞ በሰሜን በኩል ያለው ሌላው ትልቅ ስብራት እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1999 ድረስ ከኤርዚንጃን እስከ ኢዝሚት፣ በአብዛኛው ወደ ምዕራብ እየሄደ በየተራ ተሰብሯል። «ስንጥቁ ይሄዳል» የሚለው ሐሳብ ከባዶ የመጣ አይደለም፣ እንዲህ ያለ አገር አለ። ግን የእነሱ ስብራት ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ወጥ መስመር ነው። ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን የሚተላለፉበት ነው። ፍጥነቱም በዓመት ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አንዱ ቁራጭ ሲሰበር ጫፉ ላይ ያለውን ቀጣይ ቁራጭ በቀጥታ ይጫነዋል። የእኛው በአራት እጥፍ ገደማ ይዘገያል፣ የተቆራረጠ ነው፣ የሚሠራውም በመሳብ ነው።

በርግጥ መንቀጥቀጥ በዙሪያው ያለውን ውጥረት ይለውጣል። ይህ እውነት ነው። ለውጡ ግን ርቀት ሲጨምር እጅግ በፍጥነት ይወድቃል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ለውጡ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። መጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ የሚያንሸራትተው የስብራት ርዝመት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዳማ ላይ፣ የሚደርሰው የውጥረት ለውጥ ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው ምድርን በየዕለቱ ከሚጨምቁበት መጠን አይበልጥም። የተናወጠው ሕንፃዎ እንጂ ከሥርዎ ያለው ስብራት አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወሬ፣ ወደ «ተንፍሷል»። ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ፍርሃት ቢያንስ ሰውን ያስነሳዋል፣ የውሸት መረጋጋት ግን ያስተኛዋል።

ሰው «በሬክተር ስኬል 4» እና «6» ሲባል የሁለት ልዩነት ይመስለዋል። የመጠን ቁጥር በአንድ ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት በ32 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በሁለት ሲጨምር 1000 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ 6 ጉልበት በ4 እንዲወጣ ከተፈለገ 1000 መንቀጥቀጥ ያስፈልጋል። አንድ 6.5ን በ4 ለማስተንፈስ ከ5000 በላይ ያስፈልጋል። ተፈጥሮ ደግሞ እንዲህ አትቆጥርም። በየትም አገር በተደጋጋሚ የታየው ሥርዓት የመጠን ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ ብዛቱ በ10 እጥፍ ገደማ ይጨምራል የሚል ነው። ለአንድ 6 አስር 5፣ መቶ 4 ማለት ነው። መቶዎቹ 4 ተደምረው የአንዱን 6 አንድ አስረኛ ያህል ብቻ ነው የሚሞሉት። ትንንሾቹ የቱንም ያህል ቢበዙ የትልቁን ሒሳብ አይዘጉም።

በዚያ ላይ ያ ሁሉ ጉልበት የወጣው ከፈንታሌና ከዶፋን ምድር ነው። አዳማ ሥር ያለው አለት ከዚያ በፊት የተሸከመውን ውጥረት ዛሬም እንደተሸከመ ነው። አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰለትም።

ሌላም ነገር አለ። መንቀጥቀጦች በተከታታይ የሚመጡት በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ አይደለም። አንዱ ዓይነት ትልቁ ቀድሞ መጥቶ ትንንሾች የሚከተሉበት ነው። ተከታዮቹ በየቀኑ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጃፓናዊው ኦሞሪ ይህን አቀናነስ በሒሳብ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከተከታዮቹ ትልቁ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው በአንድ ቁጥር ገደማ ያንሳል። ሌላው ዓይነት የፈንታሌው ነው። አለቃ የለውም። ብዙ ተቀራራቢ መጠን ያላቸው መንቀጥቀጦች ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያሉ፣ ጋብ ይላሉ፣ ይመለሳሉ። የሚያበቃው የሚገፋው ማግማ ወይም ትኩስ ውሃ ሲያልቅ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ግን መካከለኛው ቀድሞ ትልቁ የሚከተልበት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2019 ካሊፎርኒያ፣ ሪጅክረስት ላይ 6.4 መጣ። ሰው «አለፈ» ሲል በማግስቱ 7.1 ተከተለ። ከመጀመሪያው ቀን ተነስቶ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ሳይንቲስት የለም። «ነገ በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ከደረስዎ ይሰርዙት። ቀንና ሰዓት የሚተነብይ ዕውቀት በዓለም ላይ የለም።

ታዲያ አዳማ ላይ የሚቻለው ምን ያህል ነው? የመንቀጥቀጥን ጣሪያ የሚወስነው በአንድ ጊዜ የሚንሸራተተው የስብራት ስፋት ነው። መጠን 7 እንዲመጣ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይቋረጥ መንሸራተት አለበት። የወንጂ ቀበቶ ስብራቶች አብዛኞቹ ከ20 ኪሎ ሜትር ያንሳሉ። ከሥራቸው ያለው ምድር ትኩስ ስለሆነም የሚሰበረው የላይኛው ቀጭን ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ከወለሉ ስብራቶች የሚጠበቀው በአብዛኛው መካከለኛ መንቀጥቀጥ ነው፣ 5 እና 6 አካባቢ። የየካቲት 1985ቱን የናዝሬት መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱ ትልልቅ ሰዎች በከተማው አሉ። እሱ ከፈንታሌ የመጣ አልነበረም፣ የእኛው የራሳችን ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ የጠርዙ ስብራቶች ናቸው። ይረዝማሉ፣ ይጠልቃሉ፣ ብዙ ዘመን ዝም ይላሉ። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. መሃል ኢትዮጵያን ያናወጠው መንቀጥቀጥ ከ6.5 በላይ እንደነበር ይገመታል። የሚያያዘውም ከላንጋኖ አካባቢ ካለው የሸለቆው ጠርዝ ጋር ነው። አዳማ ያኔ ባቡርም አልደረሳትም ነበር፣ ፎቅ አልነበራትም። ግንቦት 1953 ደግሞ ካራቆሬ ላይ ከ6 በላይ የሆነ መጣ። ይሄ በሰሜን፣ ወደ ወሎ መንገድ ያለው ካራቆሬ ነው፣ ከአዲስ አበባው ሰፈር ጋር እንዳይምታታ። ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፈራርሷታል። እሱም የጠርዝ ስብራት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ሊያጋጥም ወይም ጭራሽ ላያጋጥም ይችላል። ዛሬ ግን በሸለቆው ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚኖሩባቸው ከተሞች አሉ፣ አዳማና ሐዋሳ ዋነኞቹ ናቸው።

እናትዎን እንዲህ ይበሏቸው። አዲስ አበባ ከጠርዙ ላይ ናት፣ ከስምጥ ሸለቆው አልወጣችም። ሥጋቷ ከአዳማ ያንሳል። ነገር ግን የ1953ቱም የ2017ቱም እዚያ ተሰምተዋል። ቤት ለቆ መሄድ የሚያስፈልገው ከሥር መሬቱ እየተከፈተ ላለ ሰው ነው፣ ለፈንታሌ ሰው። አዳማ ላይ የሚኖሩበት ሕንፃ ጥራት ከመኖሪያ ከተማዎ በላይ ይወስናል። እርስዎም ሲናወጥ ደረጃ ላይ አይሩጡ። በረንዳ ላይም አይውጡ። እንደኛ ባሉ መካከለኛ መንቀጥቀጦች ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲዘልና ሲጋፋ ነው። ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ርቀው፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ጭንቅላትዎን ሸፍነው ይቆዩ። ሲያቆም ጋዙን ዘግተው በእርጋታ ይውረዱ። የእናትዎ አልጋ ራስጌ ላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር ካለ ዛሬውኑ ያውርዱት።

ስለ መሬቱ አንድ ነገር ልጨምር። የአዳማ ወለል አብዛኛው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፑሚስና የድሮ ሐይቅ ደለል ነው። ያው ብሎኬት የምንሠራበት ፑሚስ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልል አፈር ከሥር የመጣውን ሞገድ ያጎላዋል፣ ያስረዝመዋልም። ለዚህ ነው በአንድ ሌሊት፣ በአንዱ ሰፈር ብርጭቆ ሲወድቅ ድንጋያማ ቦታ ላይ ያለው ዘመድዎ «እኔ አልሰማሁም» የሚልዎት። ሦስተኛ ፎቅም ከምድር ቤት ይበልጥ ይወዛወዛል። ሁለቱ ሲደመሩ የእርስዎ ቤት የተናወጠው ከሁሉም በላይ ቢመስልዎ አልተሳሳቱም።

ሕንፃን በተመለከተ አገሪቱ ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ አዳማንና ሐዋሳን ከፍተኛው የመንቀጥቀጥ ዞን፣ ዞን 4 ውስጥ አስቀምጧል። እሱ ግን የተሰላው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል በሚባል መናወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አዲሱ ኮድ ወደ 475 ዓመት ከፍ አደረገው። ይህም ሕንፃው በ50 ዓመት ዕድሜው ውስጥ 10 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለውን መናወጥ እንዲችል ማለት ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሕንፃ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ኮለን ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለው ነው ዋናው። እኔ አዲስ ግንባታ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ስታፋው፣ የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን ወደሚያስረው ቀለበት ነው። ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስታፋው ጠጋ ጠጋ ብሎ መታሰር አለበት። እዚያ የሚቆጠበው ፌሮ ከሁሉም ቁጠባ የከፋ ነው። ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ሆኖ ግድግዳ የሌለው፣ ላዩ ግን በብሎኬት የተሞላ ሕንፃም ያሳስበኛል። ሲናወጥ ጉልበቱ የሚታጠፈው ከታች ነው። ጣሪያ ላይ የተደረደረ፣ ያልታሰረ ሮቶም ሌላው ነው።

ስለዚህ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው የራሳችሁን ብሎክ ተመልከቱ። ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ነው። በግድግዳው ላይ በሰያፍ የሄደ ወይም የተጠላለፈ ስንጥቅ ግን ይመዝገብ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ከወር በኋላ ሰፍቶ እንደሆነ ይታይ። በር አልዘጋ ካለ፣ ደረጃው ከግድግዳው ከተላቀቀ ኮሚቴው ይወቀው። ስንጥቁ ኮለን ወይም ቢም ላይ ከሆነ፣ ይልቁንም ፌሮ ከታየ፣ ስትራክቸራል ኢንጂነር ሳያየው ማንም ልስን እንዳይለስንበት።